ሊትል ሮክ ሴንትራል፦ ከበሩ ወዲያ የሆነው

የኤሊዛቤት ኤክፎርድ ቤተሰብ ስልክ አልነበረውም።

ሴፕቴምበር 3 ቀን 1957 ማታ ወይዘሮ ዴዚ ቤትስ በማግስቱ የነጮች ብቻ ወደነበረው ሴንትራል ሃይስኩል ለሚሄዱት ጥቁር ተማሪዎች ቤተሰቦች ሲደውሉ አመሹ። እሳቸው በአርካንሶ የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነው የኤንኤኤሲፒ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበሩ። መልእክታቸው አጭር ነበር። ነገ ልጆቻችሁን ለየብቻ አትላኩ፤ አንድ ቦታ ተገናኝተው ከቀሳውስት ጋር አብረው ይሄዳሉ የሚል። ኤሊዛቤት ቤት ግን የሚደወልበት ስልክ የለም። መልእክቱ ሳይደርሳት ነጋ።

ጠዋት ላይ ቤተሰቡ አንድ ላይ ጸለየ። ኤሊዛቤት ለትምህርት መክፈቻ ብላ ራሷ የሰፋችውን ቀሚስ ለበሰች። ዕድሜዋ 15 ነበር። የከተማ አውቶቡስ ተሳፈረች፣ ወረደች፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ተራመደች። ወታደሮች ተሰልፈው አየች። እኛን ሊጠብቁ የመጡ ናቸው ብላ አሰበች። ነጮቹ ተማሪዎች በመሃላቸው ሲያልፉ እሷም ልትከተል ሞከረች። ጠመንጃቸውን አገናኝተው ዘጉባት። ከኋላዋ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ትሰቀል የሚልም አለ። ራቅ ብሎ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ አግዳሚ ወንበር አየች። እዚያ ብደርስ እተርፋለሁ ብላ አሰበች። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ጥቁር መነጽሯን እንዳደረገች፣ ያን መንገድ ሁሉ ብቻዋን ሄደች።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ አንድ ጋዜጠኛ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። ስታለቅሺ እንዳያዩሽ አላት። አንዲት ነጭ ሴት ደግሞ አውቶቡስ ላይ አብራት ወጣች።

ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 29 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው። እኛ ጋ ልጆች ለእንቁጣጣሽ በሚዘጋጁበት ሰሞን ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያሉትን ቀኖች ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እቀጥላለሁ።

የዚያን ጠዋት ፎቶ ብዙዎቻችን አይተነዋል። ስለ ሴንትራል ሲወራም ሁልጊዜ ወሬው በሩ ላይ ነው። ወታደር፣ ጩኸት፣ ሳንጃ፣ ፕሬዚዳንት። እኔ ይህን የጉዳይ ጥናት የጻፍኩት ግን ትምህርት ቤቱን ራሱን ከውስጥ ለማየት ነው። ምሳ የሚበላበትን አዳራሽ፣ የሙዚቃ ባንዱን፣ ኮሪደሩን፣ መምህራኑን፣ ወላጆቹን። አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ገባ የሚባለው መቼ ነው? በሩን ሲያልፍ ነው ወይስ ሌላም ነገር አለ? የሴንትራል ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለ መልስ አለው።

ሕንጻውና ጎረቤቱ

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1927 ነው። ሊትል ሮክ የአርካንሶ ዋና ከተማ ናት። ከተማዋ ለሃይስኩሏ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። በዚያ ዘመን ይህ ለአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጉድ የሚያሰኝ ገንዘብ ነው። ሁለት ብሎክ ሙሉ የያዘ ሕንጻ ነው። ፊት ለፊቱ የውሃ ገንዳ አለ፣ ግራና ቀኝ የሚወጡ ደረጃዎች አሉ። የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር ከአገሪቱ ሃይስኩሎች ሁሉ ውቡ ይኸው ነው አለለት።

ከዋናው መግቢያ በላይ አራት ሐውልቶች ቆመዋል። እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ታላቅ ምኞት፣ ሰብእና፣ ዕድል፣ ዝግጅት። ኤሊዛቤት የተከለከለችው "ዕድል" ቆማ ወደምታይበት በር እንዳትገባ ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይከብደኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1929፣ ለጥቁር ልጆች ደንባር ሃይስኩል ተሠራ። ንድፉን ከሠሩት ውስጥ ሴንትራልን የነደፉ አርክቴክቶች አሉበት። መልኩም ይመስለዋል፣ ታናሽ ወንድሙ በሉት። ወጪው ግን 400,000 ዶላር ገደማ ነበር። መጻሕፍቱም ብዙ ጊዜ ነጮቹ ተምረውባቸው ያረጁ ነበሩ።

ደንባርን ግን ከንፈር እየመጠጡ ብቻ ማለፍ ልክ አይደለም። ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። ከሌላ አካባቢ ልጆች እየመጡ ይማሩበት ነበር። መምህራኑም ዝም የሚሉ አልነበሩም። በ1942 የደንባር የእንግሊዝኛ መምህርት ሱ ካውን ሞሪስ ጥቁር መምህራን ከነጮቹ እኩል እንዲከፈላቸው ከሰሱ። ክሱ ሥራቸውን አሳጣቸው። በ1945 ግን በይግባኝ ረቱ። ከ1957 በፊት የሆነው ይህ ነው። በዚያ ዓመት ሴንትራል የገቡት ዘጠኙ ጥቁር ልጆች ከሰማይ አልወረዱም። ለመብቱ ፍርድ ቤት መቆም ከለመደ ማኅበረሰብ ነው የወጡት።

እቅዱ የት ላይ ተሳሳተ?

ሜይ 17 ቀን 1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። የሊትል ሮክ የትምህርት ቦርድ ወዲያው ፍርዱን እናከብራለን አለ። በደቡብ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከተማዋም ለዘብተኛ ናት ትባል ነበር። አውቶቡሶቿና ቤተ መጻሕፍቷ ያለ ብዙ ጫጫታ ለሁሉም ክፍት ሆነው ነበር።

የትምህርት ቤቶቹ የበላይ ኃላፊ ቨርጂል ብሎሰም እቅድ አወጡ። መጀመሪያ ሃይስኩል፣ ቀጥሎ መካከለኛ፣ በመጨረሻ የአንደኛ ደረጃ። መነሻው 1957። በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። እኔ ግን ሁለት ትልልቅ ስህተቶች አያለሁ።

የመጀመሪያው ይኸውላችሁ። በዚያው 1957 በከተማዋ ምዕራብ፣ ሀብታሞቹ በሚኖሩበት በኩል፣ ሆል የሚባል አዲስ ሃይስኩል ተከፈተ። የነጮች ነው። ስለዚህ የባለሀብቶቹና የባለሥልጣኖቹ ልጆች ወደ ሆል ሄዱ። ሴንትራል የቀሩት በአብዛኛው የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ለውጡን ተሸከሙ የተባለው እነሱ ብቻ ናቸው። ይህ ዘረኝነታቸውን ትክክል አያደርገውም። ግን እልሁና ቁጣው ለምን እዚያ እንደከፋ ያስረዳል። የወሰኑት ሰዎች የራሳቸውን ልጆች ከውሳኔያቸው ውጭ አድርገው ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ለእኔ ከመጀመሪያው ይከፋል። ሴንትራል መግባት የሚፈልጉ ጥቁር ተማሪዎች አንድ በአንድ ተጣሩ። ውጤታቸው፣ ጠባያቸው፣ ትዕግሥታቸው ታየ። 17 ቀሩ፣ በመጨረሻ 9 ብቻ። ከዚያም ቅድመ ሁኔታ ተነገራቸው። ክፍል ገብታችሁ ትማራላችሁ። በስፖርት ቡድን፣ በመዘምራን፣ በባንድ፣ በክበብ፣ በዳንስ ዝግጅት ግን አትሳተፉም።

ኧርነስት ግሪን ጥቁሮቹ በሚማሩበት በሆራስ ማን ሳለ ሳክስፎን ይጫወት ነበር። ተወው። ጄፈርሰን ቶማስ ሯጭ ነበር። ተወው። ሚኒጂን ብራውን መዘመር ትወድ ነበር። እሷም ተከለከለች።

እስቲ የራሳችሁን ሃይስኩል አስቡት። ትዝ የሚላችሁ ምንድን ነው? የፊዚክስ ፎርሙላው ነው? ወይስ የእረፍት ሰዓቱ፣ ሚኒ ሚዲያው፣ የክፍል ለክፍል ኳስ፣ የድራማ ክበቡ? ልጅ ከልጅ ጋር የሚግባባው እዚያ ነው። አንድ የነጭ ልጅ ከኧርነስት ጋር ባንድ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ዜማ ቢለማመድ ኖሮ ስሙን ያውቀው ነበር። እቅዱ ልጆቹን ትምህርት ቤቱ ውስጥ አስገባቸው፣ ከትምህርት ቤቱ ኑሮ ግን አስወጣቸው። ሰላም እንዲሆን ተብሎ ነው የተደረገው። የተገኘው ተቃራኒው ነው።

ሦስት ሳምንት

በሩ ላይ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። የስቴቱ ገዢ ኦርቫል ፎበስ የአርካንሶን ብሔራዊ ዘብ አሰልፈው ልጆቹን አገዱ። ሴፕቴምበር 20 የፌዴራል ዳኛ ዘቡን አንሱ አላቸው። ሴፕቴምበር 23 ልጆቹ በጎን በር ገቡ። ውጭ ያለው ሕዝብ ይህን ሲሰማ አበደ። አሌክስ ዊልሰን የተባለ ጥቁር ጋዜጠኛ መንገድ ላይ ተደበደበ። አልሮጥም ብሎ ባርኔጣውን እያነሳ መራመዱን ቀጠለ። ልጆቹ እኩለ ቀን ሳይሞላ በፖሊስ መኪና ተሸሽገው ወጡ።

ከንቲባው ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ቴሌግራም ላኩ። ፕሬዚዳንቱ ከ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር 1,200 ያህል ወታደር አዘዙ፣ የአርካንሶንም ዘብ በፌዴራል እዝ ሥር አደረጉ። ሴፕቴምበር 25 ዘጠኙ ልጆች በወታደር ታጅበው በዋናው በር ገቡ። የዜና ካሜራዎቹ ይህን ቀረጹ። ብዙ የታሪክ መጻሕፍትም እዚህ ላይ ያቆማሉ።

ደወሉ ከተደወለ በኋላ

ወታደር ኮሪደር ላይ አብሮ ይሄዳል። ክፍል ውስጥ አይገባም። መጸዳጃ ቤት አይገባም። የስፖርት ልብስ መቀየሪያ አይገባም። ሊያጠቃ የፈለገ ልጅ ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። በኖቬምበር መጨረሻ ደግሞ አየር ወለዱ ሄደ። ጥበቃው የቀረው ለዘቡ ብቻ ሆነ።

ሎከራቸው ይሰበራል። መጽሐፋቸው ይቀደዳል። ልብሳቸው ላይ ቀለም ይረጫል። ደረጃ ላይ ከኋላ ይገፋሉ። ይተፋባቸዋል። አንድ ቀን አይደለም፣ አንድ ሳምንት አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ ነው።

አስተዳደሩ ደንብ ነበረው። ጥፋት ተፈጸመ የሚባለው አዋቂ ሰው በዓይኑ ካየ ነው። ልጁ ራሱ መናገሩ አይበቃም። ደንቡ ሚዛናዊ ይመስላል አይደል? ግን ገፊው መምህሩ ጀርባውን እስኪያዞር ይጠብቃል፣ ከዚያ ይገፋል። የተገፋችው ተነስታ ትከሳለች። ማን አየ? ማንም። በቃ፣ ጉዳዩ ተዘጋ። ትምህርት ቤት ያስተማራችሁ ወይም ልጅ ያሳደጋችሁ ሁሉ ይህ እንዴት እንደሚሠራ ታውቁታላችሁ። አጥቂዎቹ ከ2,000 ገደማ ተማሪ ውስጥ ጥቂቶች ነበሩ። የተቀረው አብዛኛው ዝም አለ። ለጥቂቶቹ ያ ዝምታ በቂያቸው ነበር።

ካፍቴሪያው ውስጥ የሆነው ግን ሁሉም ያየው ነው። ዲሴምበር 17 ቀን ሚኒጂን ብራውን ትሪዋን ይዛ በጠረጴዛዎች መሃል ታልፋለች። ትሪው ላይ ቺሊ አለ፣ የስጋና የባቄላ ወጥ ነው። ወንዶቹ ወንበራቸውን ወደኋላ እየገፉ መንገድ ይዘጉባታል። ትቆማለች። ወንበሩ ይመለሳል። ትራመዳለች። እንደገና ይገፉባታል። በመጨረሻ ቺሊው ሁለት ልጆች ላይ ፈሰሰ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ትንፋሽ እንኳ አልተሰማም። ከዚያ ከምግብ ማቅረቢያው ጀርባ ጭብጨባ ተሰማ። ያጨበጨቡት የወጥ ቤቱ ጥቁር ሠራተኞች ናቸው።

እነዚያን ሠራተኞች ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ። ልጆቻቸው ሊማሩበት በማይችሉት ትምህርት ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ምግብ ሲያቀርቡ ኖረዋል። የሴንትራል ማኅበረሰብ አካል ነበሩ። በተማሪዎቹ የዓመት መጽሐፍ ላይ ግን ዋና ሰዎች ሆነው አታገኟቸውም። ያች ጭብጨባ እንጀራቸውን ልታስቆርጣቸው ትችል ነበር። እያወቁ አጨበጨቡ።

ሚኒጂን ለጊዜው ታገደች። በፌብሩዋሪ 1958 ሌላ ግጭት ተፈጠረና ጭራሽ ተባረረች። ኒው ዮርክ ሄዳ ኒው ሊንከን በተባለ ትምህርት ቤት ጨረሰች። እሷ እንደወጣች ሴንትራል ውስጥ ትንንሽ ካርዶች ተበተኑ። አንዷ ሄደች፣ ስምንት ቀሩ ይላሉ።

ለእውነት ሲባል ሌላም መነገር አለበት። አንድ ቀን ከዘጠኙ አንዱ የሆነው ቴረንስ ሮበርትስ የሒሳብ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ ሳይኖረው ተቀመጠ። አንዲት ነጭ ልጅ ዴስኳን ጎትታ አጠገቡ አደረገችና መጽሐፏን መሃል ላይ ዘረጋች። ክፍሉ ደነገጠ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ዴስክ ሲጎተት ያለው ድምፅ ሁላችንም ጆሮ ውስጥ አለ። ለእኔ በዚያ ዓመት ሴንትራል ውስጥ ከተሰሙት ድምፆች ሁሉ ይህ አንዱ ትልቁ ነው። ደግ መምህራንም ነበሩ። ክፍላቸው ውስጥ ቀልድ የማያውቁ፣ ማንም ማንንም እንዳይነካ ያደረጉ። እነሱ ባሉበት ክፍል ልጆቹ ትምህርቱን መስማት ይችሉ ነበር። ያው ሕንጻ፣ ያው ተማሪ፣ ያው ዓመት ነው። የተለየው ክፍሉን የያዘው አዋቂ ነው።

ሜይ 27 ቀን 1958 ማታ በትምህርት ቤቱ ስታዲየም ምረቃ ሆነ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከዘጠኙ ኧርነስት ግሪን ብቻ ነበር። ተመራቂዎቹ ወደ 600 ይሆናሉ። ስም ሲጠራ ይጨበጨባል፣ ቤተሰብ ይጮኻል። የኧርነስት ስም ተጠራ። ዝም። መድረኩን አቋርጦ ዲፕሎማውን ተቀበለ። ከቤተሰቡ ጋር ወንበር ይዘው ከተቀመጡት መሃል ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበሩ። ያኔ 29 ዓመታቸው ነው፣ ስማቸውም እንደ ኋላው አልገነነም።

ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ዓመት

ይህን ክፍል ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔ ደግሞ የጉዳዩ እምብርት አድርጌ ነው የማየው።

ሴፕቴምበር 12 ቀን 1958 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ረብሻን ምክንያት አድርጎ ማዘግየት አይቻልም፣ ቀጥሉ አለ። ገዢው ፎበስ የከተማዋን አራት ሃይስኩሎች በሙሉ ዘጉ። ሴንትራል፣ ሆል፣ የጥቁሮቹ ሆራስ ማን፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ። ሴፕቴምበር 27 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ጥያቄው ሁሉም ትምህርት ቤቶች ባንዴ ይቀላቀሉ ወይስ አይቀላቀሉ የሚል ነው። 19,470 ሰው አይሆንም አለ። 7,561 ይሁን አለ።

3,665 ተማሪዎች ሜዳ ላይ ቀሩ። የሊትል ሮክ ሰዎች ዛሬም ድረስ "የጠፋው ዓመት" ይሉታል።

መምህራኑ ውል ስላላቸው በየቀኑ ባዶ ክፍል ይገባሉ። ጥቁር ሰሌዳው አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ልጅ የለም። መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሳምንት በቴሌቪዥን ለማስተማር ተሞከረ። የእግር ኳስ ቡድኑ ግን መጫወቱን ቀጠለ። የአሜሪካኑ ኳስ ማለቴ ነው። በ1957 ሳይሸነፍ ዓመቱን የጨረሰ ቡድን ነበር። ገዢው ክፍል ይዘጋ፣ ጨዋታው ይቀጥል አሉ። ልጆቹ የማይማሩበትን ትምህርት ቤት ማሊያ ለብሰው ሜዳ ገቡ።

የነጮቹ ልጆች አብዛኞቹ ሌላ መላ አገኙ። ዘመድ ጋ ሌላ ከተማ የሄደ አለ፣ በችኮላ በተከፈተ የግል ትምህርት ቤት የተመዘገበ አለ። ከጥቁሮቹ ልጆች ግን ግማሽ ያህሉ ዓመቱን ሙሉ ምንም አልተማሩም። ወደ ሥራ የገባ ገባ፣ ወታደር የሆነ ሆነ፣ ያገባች አገባች። ብዙዎቹ ተመልሰው አልጨረሱም። ከዘጠኙ ካርሎታ ዎልስ እና ጄፈርሰን ቶማስ በደብዳቤ የሚሰጥ የርቀት ትምህርት ወሰዱ።

ሆራስ ማንን ልብ በሉልኝ። እዚያ የሚማር ነጭ የለም፣ ሊቀላቀል የመጣም የለም። ሴንትራል እንዳይቀላቀል ተብሎ እሱም ተዘጋ።

በዚህ መሃል ሴቶች ተነሱ። አዶልፊን ፍሌቸር ቴሪ የሚባሉ የተከበሩ የከተማዋ እመቤት፣ ዕድሜያቸው ወደ 76 የተጠጋ፣ ወዳጆቻቸውን በትልቁ ቤታቸው ሰበሰቡ። ትምህርት ቤቶቻችን ይከፈቱ የሚል የሴቶች ኮሚቴ አቋቋሙ። የአባላቱ ስም ምስጢር ነበር። ባሎቻቸው ሥራ እንዳያጡ፣ ገበያ እንዳይርቃቸው። ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ፖስታ ያሽጋሉ፣ ስልክ ይደውላሉ፣ የመራጭ ዝርዝር ይፈትሻሉ። አባላቱ ኋላ ከ1,000 በላይ ሆኑ። ኮሚቴው ጥቁር ሴቶችን አላስገባም፣ ይህም አብሮ መመዝገብ አለበት።

ሜይ 5 ቀን 1959 የትምህርት ቦርዱ ተሰበሰበ። ስድስት ሰዎች ናቸው፣ ሦስት ለሦስት ተከፍለዋል። ሦስቱ ለዘብተኞች ስብሰባውን ጥለው ሲወጡ የቀሩት ሦስት 44 መምህራንና ሠራተኞች እንዲባረሩ ወሰኑ። ጥፋታቸው ምንድን ነው? ለውጡን ይደግፋሉ ተብለው ተጠርጥረዋል።

ከተማው የነቃው ያን ጊዜ ነው። በሳንጃ ያልተነቃነቀ ወላጅ ልጄን ያስተማረችኝ መምህርት ለምን ተባረረች ብሎ ወጣ። የወላጆች ማኅበራት፣ ነጋዴዎች፣ የቴሪ ሴቶች አንድ ላይ ሆኑ። ሜይ 25 በተደረገ ምርጫ ሦስቱ አባራሪዎች ከቦርዱ ወረዱ። ልዩነቱ ጠባብ ነበር። ግን በቃ።

የሚገርመኝ ይህ ነው። በሴፕቴምበር ስለ ዘር ተጠይቆ አይሆንም ያለ ከተማ፣ በሜይ ስለ መምህራኑ ተጠይቆ ሌላ መልስ ሰጠ። ልቡ በስምንት ወር ተለወጠ ማለት አልችልም። ጥያቄው ቤቱ ስለገባ ይመስለኛል። መምህርቷን በስም ያውቃታል። ልጁ ሳሎን ውስጥ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ

ኦገስት 12 ቀን 1959 ሃይስኩሎቹ ከመደበኛው ጊዜ ቀድመው ተከፈቱ። ወደ ሴንትራል የተመመ ሰልፈኛ ነበር። በዚህ ጊዜ የከተማው ፖሊስ ራሱ አስቆመው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም በውሃ በተኑት። ወታደር ከዋሽንግተን አላስፈለገም።

ካርሎታ ዎልስ እና ጄፈርሰን ቶማስ ተመልሰው በ1960 ተመረቁ። ካርሎታ ልትመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ በፌብሩዋሪ፣ ቤታቸው በቦምብ ተመታ። ማንም አልተጎዳም። በማግስቱ ክፍሏ ገብታ ተቀመጠች። ከሴንትራል ዲፕሎማ የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት።

ለውጡ ግን በአንድ ሌሊት አልሆነም። በየዓመቱ ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች ብቻ እየተመረጡ ይገቡ ነበር። የከተማዋ ክፍሎች ሁሉ የተቀላቀሉት በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ልጆች በአውቶቡስ ከሰፈር ሰፈር መመላለስ ከጀመሩ በኋላ ነው። ያኔ ብዙ ነጭ ቤተሰቦች ወደ ግል ትምህርት ቤትና ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዱ። ሴንትራል ግን ጠንካራ ትምህርት ቤት ሆኖ ቀጠለ። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ ልጃችሁን ቢጫው አውቶቡስ ላይ ስታሳፍሩ፣ በባንዱም በኳሱም ሲመዘገብ ፎርሙን ስትፈርሙ፣ ያ ፎርም ለኧርነስት ግሪን አልተሰጠም ነበር።

ሕንጻው በ1982 የአገር ታሪካዊ ቅርስ ተባለ። በ1998 ደግሞ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ታሪካዊ ስፍራ ሆነ። ግን ሙዚየም አልሆነም። ውስጡ ዛሬም ይማሩበታል። ጎብኚ ሲመጣ የፓርኩ አስጎብኚ ከትምህርት ሰዓቱ ጋር አስማምቶ ነው የሚያስገባው። ከመንገዱ ማዶ ያለችው አሮጌ ነዳጅ ማደያም እንደ 1957ቱ ሆና ታድሳለች። ያኔ ጋዜጠኞች ዜናቸውን ለማስተላለፍ የሚሻሙት እዚያ ባለው የሕዝብ ስልክ ነበር።

ዘጠኙ ልጆች በ1999 የአሜሪካ ኮንግረስ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። ከ2005 ጀምሮ ሐውልታቸው በስቴቱ ምክር ቤት ግቢ ውስጥ፣ ወደ ገዢው ቢሮ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። የሴቶቹ ኮሚቴ አባላት ስምም ለ40 ዓመት ምስጢር ከቆየ በኋላ በአዶልፊን ቴሪ ቤት የመስኮት መስታወት ላይ ተቀርጾ ለሁሉም ታየ።

ወይዘሮ ኤሊዛቤት ኤክፎርድ ስለዚያ ቀን ለብዙ ዓመታት መናገር አይፈልጉም ነበር። ጉዳቱ ከብዷቸው ኖሯል። ኋላ ግን ለተማሪዎች መናገር ጀመሩ። በ2018፣ ልክ በዚያው በሴፕቴምበር 4፣ የዚያ አግዳሚ ወንበር አምሳያ በቦታው ተተከለ። ሐሳቡን የገፉት የሴንትራል ተማሪዎች ናቸው። ወይዘሮ ኤሊዛቤትም በቦታው ተገኙ።

እነዚያ ተማሪዎች ሌላም ሥራ አላቸው። የሴንትራል ልጆች ለዓመታት የሚሠሩት አንድ የቤት ሥራ አለ። ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት አንድ ትልቅ ሰው ይፈልጋሉ። ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጠይቃሉ፣ የሰሙትን ይጽፋሉ። አያቱ ያኔ በጠፋው ዓመት ክፍል ያጣ ሊሆን ይችላል፣ የጮኸ ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ አገር የመጣም ሊሆን ይችላል። ጽሑፎቹ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። ሥራው በየዓመቱ ለአዲስ ገቢዎች ይሰጣል።